ሃይሉክሱ አልደከመም፤ ጀልባዋ ግን ከመንገድ ወጣች

መጨረሻውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሰው አልተጎዳም። ጀልባዋም ደህና ናት። ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር በሚያወርደው መንገድ ላይ አንድ ሃይሉክስ ይጎትተው የነበረ ተሳቢ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ። ቀኝ ጎማው ከአስፋልቱ ጠርዝ ወረደ፤ የመጎተቻ ክንዱ ተጣመመ፤ ከዚያ መኪናውም ተሳቢውም ዳር ይዘው ቆሙ። ከፊት ለፊት የሚመጣ ባጃጅ ነበር። ባለባጃጁ ነገሩን ከሩቅ አይቶ ከመንገድ ወጥቶ ጠበቃቸው። እሱ ባይነቃ ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሁለት ፍርድ አይጠፋም። አንዱ «ሾፌሩ ነው» ይላል። ሌላው «መኪናው አቅም አንሶት ነው» ይላል። እዚህ ሁለቱም አልሠሩም። ሾፌሩ የአዲስ ዘመንን ዳገት ከነጭነቱ ሲመላለስበት የኖረ ሰው ነው። ሞተሩም ዳገቱን ሳያቃስት ወጥቶታል። ጉዱ የተገኘው ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። እሱንም የነገረን ከሐሙሲት በባጃጅ ተጭኖ የመጣ የእህል ሚዛን ነው።

ጀልባዋ በመኪና ለምን መጣች?

ጀልባዋ የአንድ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ንብረት ናት። የምትውለው ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ ናበጋ በኩል ባለው የጣና ዳርቻ ነው። 7 ሜትር ትረዝማለች። ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ የተሠራች ናት፤ የሠራትም ባሕር ዳር ያለ ብየዳ ቤት ነው። ቀረሶና አምባዛ ታመጣለች፤ አንዳንዴም ሰው ታሻግራለች።

ግንቦት መጨረሻ ላይ የኋላ ግድግዳዋ በዝገት ተበሳ። ሞተሩ የሚታሰርበት ማለቴ ነው። አባላቱ ቀዳዳውን በጨርቅና በሬንጅ ደፈኑት። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ደረቁ መሬት አድርገው ጎትተው አወጧት፤ ክረምቱንም እዚያው ከረመች። አፍንጫዋ ወደ ላይ፣ ቂጧ ወደ ታች ሆኖ መክረሟን ያዙልኝ። በኋላ እንፈልገዋለን።

«ታዲያ በሐይቁ ለምን አልመጣችም?» የሚል አይጠፋም። በሬንጅ የተደፈነ ላሜራ ይዞ ጣናን ማቋረጥ ድፍረት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ምን እንደሚመስል የዳርቻው ሰው ያውቀዋል። በዚያ ላይ እምቦጭ አለ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ሲያስጨንቅ የኖረው አረም ማለት ነው። ሞተር ላይ ከተጠመጠመ መሀል ውኃ ላይ ገትሮ ያስቀምጣል። ስለዚህ የብስ ተመረጠ። እሱም ቢሆን ወዲያው አልሆነም። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ከናበጋ ወረታ የሚያወጣው መንገድ እስኪደርቅ ድረስ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ተጠበቀ።

ተሳቢው የሰፈር ሥራ ነው። ከቱቦላሬ ብረት ተበይዶ፣ የአሮጌ መኪና አክስል ከነባሌስትራው ገብቶለታል። ፍሬን የለውም። መብራት የለውም። ከመኪናው ጋር የሚገናኘው 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ላይ በሚቀመጥ የብረት አፍ ነው። አፉ ድንገት ቢወጣ እንዲይዝ ተብሎ ደግሞ ገመድ ታስሮለታል። ገመድ!

ጎታቹ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው፤ ባለ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ። ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። «ለምሳ እንደርሳለን» ተብሎ ተነሡ።

ሾፌሩ ያየው

እኔ ጉዳዩ ውስጥ የገባሁት በብየዳ ቤቱ ባለቤት በኩል ነው። ጓደኛዬ ነው፤ የመኪና ነገር ሲሆን ይደውልልኛል። ጀልባዋን ሲጠብቅ ጀልባዋ ቀረች፤ ስልክ ሲደወል መንገድ ዳር ናት። አብረን ሄድን። ሾፌሩ ካሶኒው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ሰውነቱ ገና አልተረጋጋም ነበር። እንዲህ አለን፦

«ከናበጋ እስከ ወረታ ምንም አልነበረም። አቧራና ጉድጓድ ነው፤ በ20 ነው የመጣሁት። አስፋልት ስገባ 60 አደረግሁት። ጉማራ ድልድይ አካባቢ ነፋስ ከጎን ሲመታኝ ኋላዬን ነካ ነካ አደረገኝ። መሪውን ቀጥ አድርጌ ስይዘው ተወኝ። ዳገቱን በ3ኛ ማርሽ ወጣሁት፤ ኧረ ምንም አላለም! ሐሙሲትን አልፌ ቁልቁለቱን ስይዝ ወደ 80 ሳልጠጋ አልቀርም። አንድ አውቶቡስ ሽው ብሎ ቀደመኝ። ከዚያ በኋላ መሪው እኔን አልሰማም።»

«ያኔ ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ፍሬን ያዝኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?»

ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረገው። እግር ሲደነግጥ የሚሄደው ወደ ፍሬን ነው። ችግሩ ግን ፍሬን ያለው መኪናው ብቻ ነው። መኪናው ሲቀንስ ተሳቢው አይቀንስም፤ በመጣበት ፍጥነት ይቀጥላል። ስለዚህ መኪናውን ከኋላ ይገፋዋል። ቀጥ ብሎ ቢገፋው አንድ ነገር ነው። ሲወዛወዝ ግን ቀጥ ብሎ አይደለም ያለው፤ ሰያፍ ነው። ሰያፍ ሆኖ ሲገፋ የመኪናውን የኋላ ጎማዎች ወደ ጎን ነው የሚወስዳቸው። ውዝዋዜው የሰፋው ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ መሆኑን ረዳቱም አልካደም።

ታዲያ ምን ይደረግ? እግርን ከነዳጅ ማንሳት። ፍሬኑን አለመንካት። መሪውን መሀል ላይ ጨብጦ መያዝ፤ ተሳቢው ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ እያሉ አለማሳደድ። ሰው እጁን እስኪያዞር ተሳቢው አቅጣጫ ቀይሯል፤ መልሱ ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርስ ውዝዋዜውን ያግዘዋል እንጂ አይገታውም። ፍጥነቱ ሲወርድ ውዝዋዜው በራሱ ይሞታል። ቁልቁለት ላይ ይህ ከባድ ነው፤ መኪናው በራሱ አይቀንስማ። ለዚህ ነው ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ወርዶ በሞተር ጉልበት ይዞ መግባት የሚያስፈልገው። በ5ኛ ማርሽ ለቀው ወርደው መሀል ላይ ማርሽ ልቀንስ ቢሉ ረፍዷል።

አንዳንድ ሾፌር «ነዳጅ ስጠው፣ ይስተካከላል» ይላል። መኪናው ወደፊት ሲስበው ክንዱ ስለሚወጠር ለአንድ አፍታ የተስተካከለ ይመስላል። ግን ውዝዋዜን የሚያበላው ፍጥነት ነው። በ80 ያልያዝከውን በ95 አትይዘውም። ይህ ምክር መቅረት አለበት ባይ ነኝ።

ተሳቢው ለብቻው የሚያዝ ፍሬን ቢኖረው ኖሮ ነገሩ ይለወጥ ነበር። የተሳቢው ጎማ ብቻ ሲያዝ ተሳቢው መኪናውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ክንዱ ይወጠራል፤ ሁለቱ መስመር ይይዛሉ።

«አንድ ሰው ያነሳዋል»

የአውቶቡሱ ነፋስ ነቅነቅ አደረገው እንጂ ውዝዋዜውን እሱ አልፈጠረውም። ጤነኛ ተሳቢ አውቶቡስ ሲያልፍ አንዴ ነቅነቅ ብሎ ይመለሳል። ይሄ ለምን አልተመለሰም?

ፍንጩን የሰጠን ረዳቱ ነው፤ ያውም በኩራት። ናበጋ ላይ ተሳቢውን ሲያያይዙ «አፉ ቀላል ነበር፤ ብቻዬን አንስቼ ነው ኳሱ ላይ ያስቀመጥኩት» አለን። ሁሉም እንደ ጥሩ ምልክት ቆጥረውታል። ሚዛኑን የጠበቀ መስሏቸዋል። እኔና ጓደኛዬ ተያየን።

የተሳቢ አፍ ቀላል መሆን የለበትም። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ኳሱ ላይ መጫን አለበት። ከዚያ ካነሰ ጭነቱ ከአክስሉ ኋላ ተሰብስቧል ማለት ነው። ጭነቷ ወደ ጭራዋ የሸሸባት አህያ እንዴት እንደምትሄድ ገጠር ያደገ ሰው አይቷል። በጣም ሲበዛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የመኪናው ኋላ ይዘቀዝቃል፣ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪው ለስላሳ ይሆናል፣ ማታ መብራቱ ሰማይ ያያል። ስለዚህ ልኩ ያ ነው፤ ከዚያ በላይም በታችም አይደለም።

ሐሙሲት ካለ የእህል ነጋዴ ባስኩል ለመንን። በባጃጅ መጣ፤ ያው የጠበቃቸው ባለባጃጅ ነው ያመጣው። የተሳቢውን ጎማዎች በድንጋይ አስደግፈን ከመኪናው ፈታነው። ባስኩሉ ላይ እንጨት ደርድረን አፉን በኳሱ ከፍታ ልክ አሳረፍነው። ከፍታው ካልጠበቀ ሚዛኑ ይዋሻል። ክንዱ ቢጣመምም ርዝመቱ ብዙም አልተለወጠም።

25 ኪሎ።

አሁን ጠቅላላው ስንት ነው? መንገድ ዳር የመኪና ሚዛን የለም። ግን ጀልባዋን የሠራት ሰው አጠገቤ ቆሟል። 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ አንድ ካሬ ሜትሩ 23.5 ኪሎ ገደማ ነው። በዚያ ተነስቶ ከነአጥንቷ፣ ከነመቀመጫዋና ከነወለል ጣውላዋ 850 ኪሎ አላት። ተሳቢው 450። መረብ፣ መልሕቅና ዕቃ 100። የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተሩ 75። ግማሹ ቤንዚን የሆነ በርሜል 90። ድምሩ 1,565 ኪሎ። ኳሱ ላይ ቢያንስ 156 ኪሎ ሊኖር ይገባ ነበር። 25ቱ ኪሎ 2 በመቶ እንኳን አይሞላም።

ሞተሩ ያለው ከአክስሉ 3 ሜትር ኋላ ነው፤ እንደተለመደው የኋላ ግድግዳው ላይ ታስሯል። ከአክስሉ እስከ ኳሱ 4.5 ሜትር ነው። 75 ኪሎ በ3 ሜትር ሲባዛና ለ4.5 ሲካፈል 50 ይሆናል። ሞተሩ ብቻውን ከኳሱ ላይ 50 ኪሎ አንስቷል ማለት ነው። በርሜሉ ደግሞ ከአክስሉ 2 ሜትር ኋላ ተቀምጧል፤ እሱም 40 ኪሎ አንስቷል። ለምን እዚያ ተቀመጠ ብለን ስንጠይቅ «ጀልባዋ ውኃ ላይ ስትሆን እዚያ ነው የሚቀመጠው» አሉን። እውነታቸውን ነው። ውኃ ላይ ቦታው እዚያ ነው። ጎማ ላይ ግን ሌላ ሒሳብ አለ።

ሒሳቡ ግን አልሞላልንም። ጓደኛዬ ተሳቢውን ዞር ዞር እያለ ያየዋል። ባዶ ጀልባ ተጭኖበት ቢመዘን ኳሱ ላይ ወደ 200 ኪሎ ገደማ እንደሚያሳርፍ በዓይኑ ገምቷል። ከ200 ላይ 90 ሲነሳ 110 ይቀራል። ሚዛኑ ግን 25 ነው ያለው። 85 ኪሎ የት ገባ?

ረዳቱ መልሕቁን ሊያወርድ የወለሉን ጣውላ አነሳ። ከሥሩ ውኃ።

አፍንጫዋ ወደ ላይ ሆኖ ነው የከረመችው ብያችሁ ነበር። የክረምቱ ዝናብ ገባባት። ቀዳዳዋ በሬንጅ ስለተደፈነ መውጫ አጣ። የሚያስወጣው ታፖ በዝገት ተጣብቋል። ውኃው ወደ ኋላ ወርዶ ከመጨረሻው የወለል አጥንት ኋላ ተጠራቀመ። አጥንቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው አንግል ብረት ነው፤ መሀሉ ላይ ያለችው የውኃ ማሳለፊያ ቀዳዳ በጭቃና በእምቦጭ ሥር ተደፍናለች። ስለዚህ ዳገት ቢወጣ ቁልቁለት ቢወርድ ውኃው ከዚያ አይነቃነቅም። ለካነው። 2 ሜትር በ1.4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 7 ሳንቲ ሜትር። 196 ሊትር ይመጣል፤ በኪሎም ያው 196 ነው። መሀሉ ከአክስሉ 2 ሜትር ኋላ ነው። ያቺን ማካፈል ስንደግማት ወደ 87 ኪሎ ወጣ።

የጠፋው 85 ተገኘ። ከዚህ በላይ የሚገጥም ሒሳብ መንገድ ዳር አይገኝም።

7 ሳንቲ ሜትር ውኃ ከጣውላ ሥር ሆኖ ማን ያየዋል? ጀልባ በየብስ የሚያጓጉዝ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ጣውላ አንስቶ ማየት ነው። ይህ ነገር ጀልባ ላይ ብቻ አይደለም። በጎማ የሚጎተት የውኃ ታንክ በግማሽ ሲሞላም ተመሳሳይ ጣጣ አለው፤ ያውም እሱ ውስጥ ውኃው ይንሸራሸራል።

ክርክሩ

ውኃው በባልዲ ተቀዳ። ሞተሩና በርሜሉ ወደ ሃይሉክሱ ካሶኒ ተዛወሩ፤ ወደ ጋቢናው ተጠግተው ታሰሩ። እንደገና መዘንን። ኳሱ ላይ 200 ኪሎ። ጠቅላላው አሁን 1,400 ገደማ ነው፤ 14 በመቶ ይሆናል። ሾፌሩ ፊቱ በራ። «በቃ! ክንዷን ሐሙሲት አስበይዤ ቀስ ብዬ አስገባታለሁ» አለ።

እኔ አልተስማማሁም። እዚህ ላይ ትንሽ ሞቅ ያለ ክርክር ነበር።

ሾፌሩ የሚለው «ሃይሉክስ እኮ ነው፤ ከሁለት ቶን በላይ ይጎትታል ተብሎ ተጽፏል» ነው። ልክ ነው፤ ተጽፏል። ባለ 2.5 ሊትር ሃይሉክስ እንደ ሞዴሉ እስከ 2,250 ወይም 2,500 ኪሎ እንዲጎትት ተፈቅዷል። ግን እዚያው ገጽ ላይ ሌላ ቁጥር አለ። ያ የተባለው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ካለው ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ ልኩ 750 ኪሎ ነው። አንዱን ቁጥር አንብቦ ሌላውን መዝለል የብዙ ሰው ልማድ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የሞተሩን ጉልበት ያወራል፤ ሁለተኛው የመቆም ነገር ነው። መጀመሪያ ሲነሡ የጎተቱት ከነውኃው ከ1,750 ኪሎ በላይ ነበር። ባዶውን ሃይሉክስ ሊያክል ምንም አልቀረውም። አራት ጎማ ላይ ያለ ፍሬን ለሁለት መኪና ሲሠራ ነበር ማለት ነው።

«በ50 እሄዳለኋ!» አለ። እሱም ልክ አለው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ80 የሚሄድ ጭነት በ50 ሲሄድ ከነበረው ሁለት ተኩል እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ይይዛል። በ50 መሄዱ በጣም ይረዳል። ግን ባሕር ዳር መግቢያ ላይ ባጃጁ፣ ከብቱ፣ ጋሪው፣ ተማሪው አለ። ድንገት ለመቆም በ50 የሚሄድ 1,400 ኪሎ ቀልድ አይደለም። ጎማዎቹም አሉ። የአንደኛው ጎማ ጎን ላይ የታተሙት አራት ቁጥሮች 2312 ይላሉ፤ በፈረንጆቹ 2012 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጎኑ ተሰነጣጥቋል።

ከፍታውንም ልጨምር። ጣና ያለው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው የድሮ ናፍጣ ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከአምስት አንዱን ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ የድሮ ሾፌር ከባድ ነገር ሲጎትት ሞተሩ ያስጠነቅቀው ነበር፤ ዳገት ላይ ይንፈራፈራል፣ ጭስ ይተፋል። ቱርቦ ሞተር ግን ዝም ብሎ ይወጣል። ሰውን የሚያዘናጋው ይሄ ይመስለኛል። ዳገት ላይ ካልደከመ ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል።

ክርክሩን የቆረጠው የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ነው። ትልቅ ሰው ናቸው። ዳር ቆመው ሁላችንንም ሲሰሙ ቆዩና «ወንድሜ፣ ያ ባለባጃጅ መቼም ሁልጊዜ አይጠብቀንም» አሉኝ። ወደ ሾፌሩ ዞረው «ልጄ፣ ኤፍ ኤስ አር ጥራ» አሉት፤ የጭነት መኪናውን ማለታቸው ነው።

«እሺ ጋሼ» አለ። ቅር እንዳለው ግን ያስታውቅ ነበር።

ኤፍ ኤስ አሩ መጣ። መንገዱ ዳር ካለች ጉብታ ጋር ኋላውን አስጠግቶ ቆመ። የሐሙሲት ልጆች በአጣና ላይ እያንከባለሉ ጀልባዋን አስገቧት። ባዶ ሆና 850 ኪሎ ናት፤ ሰው ሲበዛ ይቻላል። ከካሶኒው ትርፍ ወጥታ ስለነበር ቀይ ጨርቅ ታሰረባት። በግንቦት 2016 በተመረቀው የአባይ ድልድይ ላይ አልፋ ማታውኑ ብየዳ ቤት ገባች። ተሳቢው በማግስቱ ክንዱ ተቃንቶ፣ ባዶውን፣ በዚያው ሃይሉክስ ተጎትቶ መጣ። ባዶውን 450 ኪሎ ነው፤ ለዚያ ፍሬን አያስፈልግም። ሾፌሩም ደስ አለው።

ተሳቢው ምን ሆነ?

የጀልባዋ ጥገና ቀላል ነበር። የኋላ ግድግዳዋ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ፣ የነሐስ ታፖ ተገጠመ፣ የወለል አጥንቶቹ ቀዳዳ ሰፋ። ሥራ የወሰደው ተሳቢው ነው።

ፍሬን ገባለት። ከውጭ ከመጣ አሮጌ ተሳቢ ከነአክስሉ የተወሰደ፣ በግፊት የሚሠራ ዓይነት ነው። አፉ ክንዱ ላይ እንደ መሳቢያ ትንሽ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው ወደፊት ይገፋል፤ አፉ ይገባል፤ ያ እንቅስቃሴ በዘንግና በኬብል የተሳቢውን የጎማ ፍሬን ይይዛል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ መኪናው ላይ ምንም መቁረጥ አይፈልግም። ለእኛ አገር ሁኔታ የሚስማማው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ጉድለት አለው፤ ገፍቶ ስለሚሠራ ሾፌሩ የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው መያዝ አይችልም። ስለዚህ የክብደቱ አቀማመጥ አሁንም ዋና ነው። የእጅ ፍሬንም አለው። ከእጅ ፍሬኑ እስከ መኪናው ቀጭን ገመድ ታስሯል፤ ተሳቢው ቢፈታ ገመዱ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ይይዝና ራሱ ይበጠሳል።

ያ የመጠባበቂያ ገመድ ተጣለ። በምትኩ ሁለት ካቴና ገባ፤ ከክንዱ ሥር በመስቀል ተላልፈው የሚታሰሩ። በመስቀል የሚሆኑት አፉ ከኳሱ ቢወጣ ክንዱ አስፋልት ላይ ከመተከሉ በፊት ካቴናው ላይ እንዲያርፍ ነው። መታጠፊያ ላይ እንዳይወጠሩ ላላ ይላሉ፤ መሬት እስኪነኩ ግን አይደለም። መብራትና ፍሬቻ ተዘረጋ። ጎማዎቹ ተቀየሩ።

አፉ ኳሱን መያዙን የምናረጋግጥባት መንገድ አለች፤ ለሾፌሩ አሳየነው። ከቆለፉ በኋላ ክሪክ ከክንዱ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይነሳል። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል። ክንዱ ብቻ ከተነሳ ተቀምጧል እንጂ አልተቆለፈም። ከውጭ የሚመጡ ተሳቢዎች ላይ ይህ በተለይ ያስፈልጋል። ለ58.7 ሚሊ ሜትር ኳስ የተሠራ አፍ 50 ሚሊ ሜትር ኳስ ላይ ሲቀመጥ ልክ የሆነ ይመስላል፤ ጉድጓድ ላይ ግን ዘሎ ይወጣል።

ክንዱ ላይ ደግሞ ጓደኛዬ አንድ ማቆሚያ ብረት በየደ። የጀልባዋ አፍንጫ እዚያ ብረት ላይ ካልደረሰ ጀልባዋ ወደ ኋላ ሸሽታለች ማለት ነው። ማን እንደጫናት ምንም ለውጥ የለውም፤ ቦታዋ አንድ ነው።

መልስ

ታኅሣሥ ላይ፣ ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ሲገለጥ፣ ጀልባዋ ወደ ናበጋ ተመለሰች። በዚያው ሃይሉክስ፣ በዚያው ሾፌር። ሞተሩና በርሜሉ ካሶኒው ላይ ነበሩ። ከመነሣታቸው በፊት ሰፈር ካለ ነጋዴ በተዋሱት ባስኩል አፉን መዘኑት፤ 205 ኪሎ። ተሳቢው ፍሬኑና አዲሱ አክስል ተጨምሮበት ትንሽ ከብዷል፤ ከ14 በመቶ ብዙም አልራቀም።

ከ60 አላለፉም። አውቶቡስ አለፋቸው፤ ተሳቢው አንዴ ነቅነቅ ብሎ ዝም አለ። ሐሙሲት ላይ ቆመው የጎማዎቹን መሀል በእጅ ዳሰሱ። ግራው ለብ ብሏል፤ ቀኙ አያስነካም። ሾፌሩ ወዲያው ደወለ። የፍሬኑ ሸራ ከመጠን በላይ ተጠግቶ እያሸ ነበር። ማስተካከያው ትንሽ ላላ ተደረገና ቀጠሉ። ወረታ ላይ ሲዳስሱት ሁለቱም እኩል ነበሩ።

ናበጋ ሲደርሱ ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው፤ «ቶሎ ውኃ ውስጥ ይግባ!» ተባለ። ሾፌሩ እምቢ አለ። የሞቀ የጎማ መሀል ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውኃውን ወደ ኩሽኔታው ይስበዋል፤ ከዚያ ግራሱ ይበላሻል፤ ኩሽኔታው ከጥቂት ጉዞ በኋላ ይነካክሳል። ብረቱ እስኪበርድ ሻይ ተጠጣ።

አሁን ያልተፈታው የፍሬኑ ዝገት ነው። ውኃ ውስጥ የሚገባ የከበሮ ፍሬን ከወጣ በኋላ በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ ጭቃና አሸዋ ይዞ ይቀራል። ዳርቻው ላይ የቧንቧ ውኃ የለም። ለጊዜው ማኅበሩ ሽንኩርት የሚያጠጡበትን ሞተር ፓምፕ ተውሶ ከጉድጓድ ውኃ እየሳበ ያጥበዋል። ጓደኛዬ የከበሮውን የጀርባ ሽፋን በስቶ የውኃ ማስገቢያ አፍ ሊሠራለት አስቧል። ለሚቀጥለው ጥገና ሲመጡ ይገጥምላቸዋል።